በአይብና በቅቤ የጀመሩት ነጋዴ



የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ስም በየመስጂዱ ሚንበር ላይ ሲነሳ ስሰማ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሚነሳው ግን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በአንድ በኩል ብቻ ነው። ኸጢቡ ስለ ሰደቃ ሊያስተምር ሲሻ፣ ለመስጂድ ማሠሪያ መዋጮ ሲጠየቅ፣ ወይም የረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ሲገቡ የእኚህ ታላቅ ሶሐባ ልግስና ይወሳል፤ ግመሉ ከነጭነቱ፣ ዲናሩ በአሥር ሺህ እየተቆጠረ በአላህ መንገድ እንዴት እንደፈሰሰ ይነገረናል። መልካም ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ግመል ከየት መጣ? ወደ መዲና ሲገቡ ሀብታቸውን ከኋላቸው ጥለው የመጡ ሰው በ30 ዓመት ውስጥ ከዘመናቸው ታላላቅ ባለጸጎች አንዱ የሆኑት በምን ዓይነት አሠራር ነው? ይህን ክፍል የሚነግረን የለም። ሰጪነታቸውን ተምረናል፤ ነጋዴነታቸውን አልተማርንም።

ይህ ጉድለት ቀላል መስሎ አይታየኝም። ዛሬ በከተሞቻችን የሚኖረው ሙስሊም ወጣት ብዙውን ጊዜ ዲግሪውን ይዞ ወይ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይቆማል፣ ወይ ዐረብ አገር ካለች እህቱ የሚላክለትን ገንዘብ ይጠብቃል። ለምን የራሱን ሥራ እንደማይጀምር ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ መነሻ ካፒታል የለኝም የሚል። ይህ መልስ ከዐብዱረሕማን (ረ.ዐ) ሕይወት ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሚጸና ለማየት፣ ታሪካቸውን ለዛሬ ከሚንበሩ ሳይሆን ከገበያው በኩል ልተርክ አስቤአለሁ።

ዐብዱረሕማን የተወለዱት ከዝሆኑ ዓመት 10 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ማለትም በ580 እ.ኤ.አ አካባቢ በመካ ነው። ከቁረይሽ የበኒ ዙህራ ወገን ናቸው፤ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እናት አሚናም ከዚሁ ቤት ነበሩ። በጃሂሊያ ዘመን ስማቸው ዐብዱ ዐምር ነበር፤ ዐብዱረሕማን ያሏቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ይህን የስም ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ በአንድ ውል ላይ ተመልሶ ይመጣል። የመካ ሸለቆ ድንጋይ ነው፣ አይታረስም። ቁረይሾች የሚኖሩት በክረምትና በበጋ ወደ የመንና ወደ ሻም በሚነዱት የሲራራ ንግድ ነበር፤ ቁርኣንም በሱረቱ ቁረይሽ ይህንኑ ያወሳል። ስለዚህ እኚህ ሰው ያደጉት ዋጋ ሲጠራና ሚዛን ሲነሳ እየሰሙ ነው።

እርሳቸው ራሳቸው የጨርቅ ነጋዴ በነበሩት በአቡበክር (ረ.ዐ) ጥሪ፣ ኢስላምን ከተቀበሉት ከመጀመሪያዎቹ 8 ሰዎች አንዱ ሆኑ። ግፉ ሲበረታ በ615 እ.ኤ.አ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐበሻ፣ ከተሰደደው የመጀመሪያ ቡድን መካከልም ነበሩ። ከሹዐይባ ወደብ በነጋዴ መርከብ ተሳፍረው በነጃሺ ጥላ ሥር ተጠለሉ። ጦበሪ እንደጻፉት ሐበሻ ለቁረይሾች ከዚያ በፊትም የንግድ አገር ነበረች። የመካ ሰዎች ሰልመዋል የሚል የሐሰት ወሬ ደርሷቸው ተመለሱ፤ ያገኙት ግን የቀድሞውን ግፍ ነበር።

በ622 እ.ኤ.አ ወደ መዲና ሲሰደዱ ዕድሜያቸው ከ40 አልፏል። ቤታቸውንና ንብረታቸውን መካ ላይ ትተዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙሃጅሮችንና አንሷሮችን ወንድማማች ሲያደርጉ እርሳቸውን ያጣመሯቸው ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት ሰዕድ ከአንሷሮች ሁሉ በሀብት የሚበልጡ መሆናቸውን ገልጸው ንብረታቸውን እኩል ሊያካፍሏቸው፣ ከሁለቱ ሚስቶቻቸውም አንዷን ፈትተው ዒዳዋን ስትጨርስ እንዲያገቧት ሐሳብ አቀረቡ። እስቲ አስቡት። ባዶ እጁን ለገባ ስደተኛ ከአንድ የከተማ ባለጸጋ ግማሽ ሀብት ሲቀርብለት! ዐብዱረሕማን ግን አላህ በቤተሰባቸውና በሀብታቸው በረካ እንዲያደርግላቸው ዱዓ አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሰው የሚገበያይበት ገበያ የት እንደሆነ እንዲያመለክቷቸው። ወደ በኒ ቀይኑቃዕ ገበያ ተመለከተላቸው። ሄደው ሲመለሱ ጥቂት የደረቀ አይብና ቅቤ አትርፈው ይዘው ገቡ። በማግስቱም ሄዱ። ከዚያም መመላለሱን ቀጠሉ።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምንሰማው ስለ ኩራትና ስለ ራስን መቻል እንደ ምሳሌ ነው። እኔ ግን እንደ ንግድ ሥራ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በዚያ በኩል ሲታይም በጣም የሚገርም ነው።

ሰውየው እርዳታን ጠቅልለው እምቢ አላሉም። ገንዘቡን ትተው ዕውቀቱን ወሰዱ። ሰዕድ የከተማው ተወላጅ ናቸው፤ የትኛው ገበያ እንደሚሞቅ፣ ማን ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ዛሬ አንድ ወጣት መርካቶ ውስጥ ጅምላ የሚያከፋፍል አጎት ካለው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ብድር ነው። ብድሩን ሰጥተው አጎትየው ይርቃሉ፣ ልጁም በኀፍረት ይርቃል። ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት እንደሚገዛ፣ ማን ዘንድ ሄዶ የማንን ስም ቢጠራ እንደሚያምኑት ቢጠይቅ ግን አጎትየው ምንም ሳይከስሩ ልጁ ከብሩ የሚበልጥ ነገር ይዞ ይወጣል።

ቀጥሎ ደግሞ የዕቃውን ዓይነት ተመልከቱ። ሐር አይደለም፣ ሽቶ አይደለም፣ ከሻም የመጣ ብርቅ ነገርም አይደለም። አይብና ቅቤ ነው። ባላገሩ ከመንጋው አጠገብ ሆኖ የሚያዘጋጀው፣ የከተማ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚበላው፣ በጥቂት ገንዘብ ጥቂት ተገዝቶ በዚያው ቀን የሚሸጥ ነገር ነው። የሚያስፈልገው እግር፣ ምላስና ዓይን ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ንግድ ሊጀምር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሱቅ ይከራያል፤ ቁልፍ እየተባለ የሚጠየቀውን ገንዘብ ይከፍላል፤ መደርደሪያ ያሠራል፤ ቀለም ያስቀባል፤ የሱቁን ስም በትልቁ ያስጽፋል። ዕቃ መግዣው ጊዜ ሲደርስ በኪሱ የቀረው ለሩብ መደርደሪያ አይበቃም። ዐብዱረሕማን ከገበያው በፊት ሱቅ አልፈለጉም፤ ገበያውን ሳያዩም ዕቃ አልመረጡም።

በዚህ ላይ የኀፍረት ጉዳይ አለ። የቁረይሽ ባላባት ልጅ፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናት ወገን የተወለዱ የ40 ዓመት ሰው፣ በማያውቋቸው ሰዎች ገበያ መካከል ቅቤ ሲያገላብጡ መዋላቸው ነው። በእኛ ሠፈር አንድ ዲግሪ ያለው ልጅ ቅቤ ሲነግድ ቢታይ እናቱ ለጎረቤት ምን ብለው እንደሚያስተባብሉ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዐብዱረሕማን ልብስ ላይ የቢጫ ሽቶ ምልክት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከአንሷር ሴት አንዷን አግብተው ነበር። መህሩ የቴምር ፍሬ የሚያህል ወርቅ ነበር፤ ብዙ ዑለሞች ዋጋውን ወደ 5 ድርሃም ይገምቱታል፣ ይህም በብር ማዕድን ሲመዘን 15 ግራም አይሞላም። ነቢዩም በአንድ በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ይህን ሐዲስ የኒካሕ ምዕራፍ ላይ ብቻ ማንበብ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን በንግድ ምዕራፍም ቦታ አለው ባይ ነኝ። ብዙ ወጣት ነጋዴዎች በ5 ዓመት ያጠራቀሙትን ካፒታል በአንድ ቅዳሜና እሑድ በአዳራሽ፣ በመኪና ሰልፍና በቪዲዮ እንደሚያቃጥሉት በዓይናችን የምናየው ነው። ከሰርጉ ማግስት ዕቃ በዱቤ ማምጣት ይጀምራሉ። ዐብዱረሕማን ትዳር ለመያዝ ሀብታም እስኪሆኑ አልጠበቁም፤ ሲያገቡም ንግዳቸውን አልበሉትም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ለሙስሊሞች የተለየ ገበያ አቋቋሙ። ከመስጂዳቸው በስተምዕራብ ያለ ገላጣ ሜዳ ነበር፤ ቦታው ኋላ መናኻ ተብሎ ይጠራ ነበር። ቀረጥ አይጣልበትም፣ ማንም ቋሚ ቦታ አጥሮ አይይዝበትም፤ እንደ መስጂድ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጣል። ድሃውና ሀብታሙ በአንድ መሬት ላይ እኩል ዕቃቸውን ይዘረጋሉ ማለት ነው። ከባላገር የሚመጣውን ሻጭ ገበያ ሳይደርስና ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛት ተከለከለ። እህል ደብቆ ዋጋ እስኪወደድ መጠበቅ ተከለከለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ስላገኙት፣ ሻጩ እርጥቡን ገዢ በሚያየው በላይኛው በኩል እንዲያደርገው መገሠጻቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ዐብዱረሕማን የበለጸጉት በዚህ ገበያ ሕግ ውስጥ ነው። በንግድ ውስጥ ካልዋሹ አይገኝም የሚለው የዘመናችን አባባል ይህን ታሪክ ፊት ለፊት ይጋጨዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ንግዱ እንዴት አደገ?

ኢማም አል-ገዛሊ (በ1111 እ.ኤ.አ የሞቱ) በኢሕያእ ኪታባቸው የገቢና የኑሮ ሥርዓትን በሚያወሱበት ክፍል፣ ዐብዱረሕማን የሀብታቸው ምክንያት ምን እንደሆነ ተጠይቀው ሦስት ነገር መመለሳቸውን ጽፈዋል። ትርፍ ትንሽ ናት ብለው መልሰው አያውቁም፤ ከብት እንዲሸጡ ሲጠየቁ ሽያጩን አያዘገዩም፤ በዱቤ አይሸጡም። በዚሁ ላይ ኢማሙ አንድ የሚባል ታሪክ ይጨምራሉ። ዐብዱረሕማን 1,000 ግመሎች በገዙበት ዋጋ ሸጡ። የቀረላቸው ትርፍ ግመሎቹ የታሰሩባቸው ገመዶች ብቻ ነበሩ። እያንዳንዱን ገመድ በ1 ድርሃም ሲሸጡት 1,000 ድርሃም ሆነ። ግመሎቹ በዚያ ቀን ከእጃቸው በመውጣታቸው ደግሞ ለዕለቱ ቀለብ ይወጣ የነበረው 1,000 ድርሃም ተረፈላቸው። በኢሕያእ ውስጥ ያሉ ዘገባዎች ሁሉ ሰነዳቸው እኩል እንዳልሆነ መጠቆም ተገቢ ነው። ሒሳቡ ግን የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ ነጋዴ ያልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ አይፈጥርም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ባለሱቅ 10,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ አለው እንበል። በመቶ 20 ሊያተርፍበት ወስኖ ዋጋ ሰቅሎ ቢቀመጥና ዕቃው በወር አንድ ጊዜ ቢያልቅ፣ ያተረፈው 2,000 ብር ነው። ጎረቤቱ በዚያው 10,000 ብር በመቶ 4 ብቻ እያተረፈ ዕቃውን በወር 20 ጊዜ ቢያገላብጠው ያገኘው 8,000 ብር ይሆናል። ደንበኛውም ይወደዋል፤ ዕቃውም አያረጅበትም። የመጀመሪያው ሰው ግን በየወሩ ኪራዩን፣ መብራቱን፣ የጥበቃውን እየከፈለ፣ የቆመ ዕቃ እንደቆመ ግመል ቀለብ እንደሚበላ አያስተውልም። ግመል ሲበላ ይታያል፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሸቀጥ ሲበላ አይታይም። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። በእርግጥ ለሁሉም ዕቃ ይህ አይሠራም፤ በወር 20 ጊዜ የሚገላበጥ የቤት ዕቃ የለም። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ አትክልት ለሚነግድ ጀማሪ ግን ይሠራል፤ ጀማሪ ደግሞ መግባት ያለበት በዚሁ በኩል ይመስለኛል።

የዱቤው ነገር ሌላ ነው። በዱቤ መሸጥ በሸሪዓ ሐላል ነው፣ ማንም ሐራም አላለውም። ዐብዱረሕማን ግን ለራሳቸው ንግድ አልመረጡትም። ምክንያቱ ለማንም ባለሱቅ ግልጽ ነው። ዱቤ የሚወስደው ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የመስጂድ ባልደረባ ነው። አለመስጠት ያስቀይማል፤ ሰጥቶ መጠየቅም ያስቀይማል። ተበዳሪው ማፈር ሲጀምር የጎደለውን ሊገዛ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ባለሱቁም ገንዘቡንም ደንበኛውንም አንድ ላይ ያጣል። በየሱቁ ግድግዳ ላይ ዱቤ እንደሌለ የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፎ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙዎቹ የለጠፉት ግን ከከሰሩ በኋላ ነው። ለተቸገረ ጎረቤት መርዳት የሚፈልግ ነጋዴ ከትርፉ ላይ ሰደቃ ብሎ ለይቶ ይስጥ። ከካፒታሉ ላይ በዱቤ ስም እየሰጠ ሁለቱንም ባያበላሽ ይሻለዋል።

ቅድም ይያዝልኝ ወዳልኩት ስም እንመለስ። ዐብዱረሕማን በመካ ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ የሚባል የቆየ ወዳጅ ነበራቸው። ቢላልን (ረ.ዐ) በጋለ አሸዋ ላይ ያሰቃይ የነበረው ኡመያ ነው። ዐብዱረሕማን ከስደት በኋላ ከእርሱ ጋር የጽሑፍ ውል ተዋዋሉ፤ ኡመያ መካ ያለውን የእርሳቸውን ንብረትና ወገን ሊጠብቅ፣ እርሳቸው ደግሞ መዲና ያለውን የእርሱን ሊጠብቁ። ቡኻሪ ይህን ያወሱት በውክልና ምዕራፍ ነው። ውሉ ሲጻፍ ኡመያ አር-ረሕማን የሚለውን ስም አላውቅም በማለቱ፣ ዐብዱረሕማን በጃሂሊያ ስማቸው፣ ዐብዱ ዐምር ተብለው ፈረሙ። በሃይማኖት ከማይገናኙት፣ በጦርነት ከሚፈላለጉት ወገን ጋር እንኳ የንብረት ጉዳይ በጽሑፍ ከተያዘ ይሠራል ማለት ነው። በቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እናውቃለን እንጂ ሁለት ወንድማማቾች ሱቅ ሲከፍቱ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን እንደሚሠራ፣ ትርፉ እንዴት እንደሚካፈል አንድ ገጽ ወረቀት ላይ አይጽፉም። መጻፍ አለመተማመን ይመስላቸዋል። ከ5 ዓመት በኋላ ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ አንዱ ብድር ነው ይላል፣ ሌላው ሽርክና ነው ይላል።

ውሉ በበድር ቀን፣ በ624 እ.ኤ.አ፣ ከባድ ፈተና ገጠመው። ሙስሊሞች ድል ሲያደርጉ ዐብዱረሕማን ኡመያን ከሞት ለማትረፍ ወደ ተራራው ይዘውት ሲሸሹ ቢላል አዩት። ቢላል ኡመያ ከተረፈ እርሳቸው እንደማይተርፉ እየጮኹ አንሷሮችን ጠሩ። ዐብዱረሕማን ልጁን ወደ ኋላ ቢተዉላቸውም አሳዳጆቹ አልቆሙም። ኡመያ ወፍራም ሰው ስለነበር መሮጥ አልቻለም። በመጨረሻ እንዲንበረከክ አድርገው በራሳቸው ገላ ሸፈኑት፤ ሰይፎቹ ግን ከሥራቸው ገብተው ገደሉት፣ አንዱም የዐብዱረሕማንን እግር አቆሰለ። በኢብኑ ኢስሐቅ ዘገባ መሠረት ከጦር ሜዳው የሰበሰቡትን የብረት ጥሩሮች ኡመያን ለመያዝ ሲሉ ጥለው ስለነበር እነዚያንም አጡ። ቢላልን ግን አልተቀየሙም፤ አላህ እንዲምርላቸው እየለመኑ ነበር ያን ቀን የሚያወሱት። ስለ እግራቸው ካነሳሁ አይቀር፣ በዑሑድ ጦርነት ከ20 በላይ ቁስል አግኝተው ከዚያ በኋላ ያነክሱ ነበር። ከገበያ የማይወጣ፣ ለዲን ሰዓት የሌለው ነጋዴ አልነበሩም።

ሀብታቸው ሲሰፋ ከመዲና ወጣ ብሎ ጁርፍ በሚባለው ቦታ እርሻ ያዙ። 20 ግመሎች ውሃ እየሳቡ ያጠጡት ነበር፤ ኢብኑ ሰዕድ እንደጻፉት የቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ የሚገባው ከዚህ እርሻ ነው። አንባቢ ይህን ቸል እንዳይለው እለምናለሁ። ቤተሰቡ የሚበላው ከእርሻው ከሆነ የንግዱ ገንዘብ ለንግዱ ይቀራል። የብዙዎቹ ትናንሽ ሱቆቻችን በሽታ ደግሞ ይኸው ነው። ዘይቱ ከመደርደሪያ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ከመሳቢያው ይመዘዛል፤ በዓል ሲመጣ በጉ ከዕቃ መግዣው ይገዛል። ማታ ሲቆጠር ምን እንደጎደለ አይታወቅም፤ ሱቁ ከሠረ ይባላል እንጂ ተበላ አይባልም። እርሻ የሌለው የከተማ ሰው ቢያንስ ለራሱ በወር የተወሰነ ደመወዝ ቆርጦ፣ ከዚያ በላይ ከመሳቢያው ባይነካ፣ ለቤቱ የሚወስደውንም ዕቃ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በደብተር ቢመዘግብ የጁርፍን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ዘካውንም ለማስላት የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

በተቡክ ዘመቻ ጊዜ፣ በ630 እ.ኤ.አ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጦሩ እርዳታ ሲጠይቁ ዐብዱረሕማን ብዙ ሰጡ፤ ከንብረታቸው ግማሹን ነው የሚሉ ዘገባዎች አሉ። ሙናፊቆች ለታይታ ነው ብለው አሟቸው፤ አንድ ቁና ቴምር ያመጣውን ድሃ ደግሞ አላህ የእርሱን ቴምር አይፈልግም ብለው ቀለዱበት። የሱረቱ አት-ተውባ 79ኛ አንቀጽ የወረደው በእነዚህ ሐሜተኞች ላይ ነው። ሀብታሙ ሲሰጥ የሚታማበት፣ ድሃው ሲሰጥ የሚሾፍበት በሽታ የዛሬ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እወዳለሁ። ዐብዱረሕማን ከሀብታቸው ብዛት የተነሳ ጀነት የሚገቡት እየዳሁ ነው የሚል ዘገባ በየትምህርት ክበቡና በየካሴቱ ሲነገር ቆይቷል። የ700 ግመሎች ቅፍለት መዲና ሲገባ ይህ ተሰማ ይባላል። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል ይህን ዘገባ ውድቅ አድርገውታል፤ ኢብኑል ጀውዚም ከተፈበረኩ ሐዲሶች ስብስብ ውስጥ አስገብተውታል። ዐብዱረሕማን በሕይወት ሳሉ ጀነት ከተበሠሩት 10 ሰዎች አንዱ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተቡክ ጉዞ ላይ ከኋላቸው ቆመው የሰገዱ መሆኑን ሙስሊም ዘግበዋል። ታዲያ ሐላል ሀብት ያፈራን ሙስሊም ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን እንድናይ፣ ወጣቱም ድህነትን ከተቅዋ ጋር እንዲያምታታ ያደረገው እንዲህ ያለው ያልተጣራ ዘገባ አይደለምን? የንግዱን ዓለም እንዲህ ንቀን ትተን፣ ንግዱ በወለድና በማጭበርበር ተሞላ ብለን ደግሞ እናማርራለን።

ወለድን ካነሳሁ፣ በአገራችን ሪባን የሚሸሽ ነጋዴ ለረጅም ጊዜ ከባንክ ደጅ ውጭ የቆመ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት መመሪያ አውጥቷል፤ በ2021 እ.ኤ.አ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ባንክ በር ላይ ከመሰለፍ በፊት እቁብ አለ፤ አንዱ ገንዘብ ሌላው ጉልበት አውጥቶ ትርፉን የሚካፈልበት ሙዷረባ አለ። ዐብዱረሕማን በጀመሩበት ደረጃ ላይ ላለ ሰው እነዚህ ይበቃሉ፤ የገንዘቡን ምንጭ ከመፈለጉ በፊት ግን የቅቤውን ገበያ ያውቅ እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ ደግ ነው።

በ644 እ.ኤ.አ ዑመር (ረ.ዐ) ሲወጉ ኸሊፋ እንዲመርጡ ከሰየሟቸው 6 ሰዎች አንዱ ዐብዱረሕማን ነበሩ። ራሳቸውን ከዕጩነት አገለሉና የምክክሩን ሥራ ያዙ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ሳያገኙ ሰዉን ሲጠይቁ፣ ሲያዳምጡ ሰነበቱ፤ በመጨረሻም ለዑስማን (ረ.ዐ) በይዓ ሰጡ። የሕዝብ አመኔታ የሚገኘው በአንድ ቀን አይደለም። 22 ዓመት ሙሉ በገበያ መካከል ሚዛናቸው ሲታይ የኖረ ሰው ስለነበሩ ይመስለኛል ሁሉም ወገን ቃላቸውን የተቀበለው።

ሀብቱ አላሰከራቸውም። አንድ ቀን ጾመው ውለው ለፍጡር ምግብ ሲቀርብላቸው ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) ትዝ አሏቸው። ሙስዐብ በዑሑድ ሲገደሉ መከፈኛቸው አንዲት ጨርቅ ብቻ ነበረች፤ ራሳቸውን ሲሸፍኑት እግራቸው፣ እግራቸውን ሲሸፍኑት ራሳቸው ይገለጥ ነበር። ዐብዱረሕማን መልካም ሥራቸው በዚህች ዓለም ተቆርጦ ተከፍሏቸው እንዳይሆን ፈርተው አለቀሱ፤ ምግቡንም ሳይነኩ ተዉት። አንድ ጊዜ መሬታቸውን ለዑስማን በ40,000 ዲናር ሸጠው ገንዘቡን ለዘመዶቻቸው ለበኒ ዙህራ፣ ለድሆችና ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልቴቶች አከፋፈሉት።

ያረፉት በ32 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ652 እ.ኤ.አ ገደማ በመዲና ሲሆን የተቀበሩትም በበቂዕ ነው። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት 1,000 ግመሎች፣ 3,000 በጎችና 100 ፈረሶች ትተዋል። ወርቁ በመጥረቢያ ሲከፋፈል የቆራጮቹ እጅ ውሃ ቋጠረ። ኑዛዜያቸው ቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ 50,000 ዲናር በአላህ መንገድ፣ በበድር ከዘመቱት በሕይወት ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ደግሞ 400 ዲናር። ሲቆጠሩ 100 ሰዎች ሆኑ። ከእነዚህም አንዱ በዚያ ጊዜ ኸሊፋ የነበሩት ዑስማን (ረ.ዐ) ነበሩ። እርሳቸው ራሳቸው ከመዲና ባለጸጎች የታወቁ ስለሆኑ ገንዘቡ አያስፈልጋቸውም ነበር። ነገር ግን የዐብዱረሕማን ሀብት ሐላልና ንጹሕ መሆኑን፣ ከእርሱ መብላትም በረካ መሆኑን ተናግረው ከተራው ሰው ጋር ድርሻቸውን፣ 400 ዲናር፣ ተቀበሉ።